ከጋን ወደ ሳጥን

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው ይህን መንገድ የሚያነሳው በገደሉ፣ በታርማበር ዋሻ፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው። እኔ የማውቀው በሚጠጣው ነገር ነው። አውቶቡሱ ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቶ ቆላ ይወርዳል፣ ኮምቦልቻን አልፎ ደግሞ እየተጠማዘዘ ወደ ደሴ ይወጣል፤ በየማረፊያው ሰው ጉሮሮውን የሚያርስበት ነገር ይለያያል። ከልጅነቴ ጀምሮ የተመላለስኩበት መንገድ ስለሆነ ግን የሚታየኝ የቦታው ልዩነት ብቻ አይደለም። እዚያው ከተማ፣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ያኔ ይጠጣ የነበረው ዛሬ በሌላ ተተክቷል።

መነኻሪያው ውስጥ አውቶቡሱ ገና ሳይሞላ ውሃ ሻጮቹ በመስኮት በኩል ይደርሳሉ። ግማሽ ሊትር፣ አንድ ሊትር፣ ሁለት ሊትር። በልጅነቴ የመንገድ ውሃ የሚያዘው ከቤት ነበር። አባቴ የወታደር ኮዳ ነበረው፤ ሌላው በትንሽ ጀሪካን ይይዛል፤ ያልያዘ ደግሞ አውቶቡሱ ሲቆም ከሻይ ቤት በጣሳ ይለምናል። ውሃ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ ነገር አልነበረም። በጠርሙስ የምናውቀው ውሃ አምቦ ብቻ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ የታሸገ፣ ጮማ ለከበደው ሆድ የሚታዘዝ፣ ከመድኃኒት ያልተናነሰ ክብር ያለው ነው። ሃይላንድ የተባለው የታሸገ ውሃ ሲመጣ "ደግሞ ውሃ በብር!" ብለው የሳቁ ሽማግሌዎችን አስታውሳለሁ። ሳቁ ብዙ አልቆየም። ዛሬ የለቅሶ ድንኳን፣ የስብሰባ ጠረጴዛ፣ የሰርግ አዳራሽ ያለ ታሸገ ውሃ አይታሰብም። ባዶው ፕላስቲክም የራሱ ኑሮ አለው፤ ጠበል ይቀዳበታል፣ ዘይት ይሸጥበታል፣ አረቄ ይጫንበታል። የቀረው መንገድ ዳር ይጣላል፤ ከሰንዳፋ እስከ ሸኖ ያለውን ቦይ ያየ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ድሮ ስሟ ሲነሳ ትዝ የሚለን ብርድ ልብሷና አረቄዋ ነበር። ዛሬ ሐበሻና ዳሸን ሁለቱም እዚህ ቢራ ይጠምቃሉ፤ ቦርትማልት የተባለው የቤልጂየም ኩባንያም የብቅል ፋብሪካ አቁሟል። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ዙሪያው የገብስ አገር ነው፤ ቢራ ፋብሪካዎቹ ሲበዙ ደግሞ የአገር ውስጥ ብቅል አልበቃ ብሎ ከውጭ በዶላር ይገባ ነበር። ስለዚህ ብቅሉ ገብሱ ወዳለበት መጣ። የሰሜን ሸዋ ገበሬ አባቱ ለቆሎ፣ ለበሶና ለጠላ ይዘራው የነበረውን እህል ዛሬ ከፊሉን ለፋብሪካ ይዘራል፤ ፋብሪካው የሚፈልገው የገብስ ዘርም የተለየ ነው።

ቢራ ለእኛ አዲስ መጠጥ አይደለም። ጊዮርጊስ መጠመቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1922፣ ማለትም ራስ ተፈሪ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ ነው። ግን ለረጅም ጊዜ የከተማና የደመወዝተኛ መጠጥ ሆኖ ቆየ። ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሳቸው፤ ከደርግ በኋላ ተሸጡ። ጊዮርጊስን ቢጂአይ ወሰደው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ሄኒከን ሐረርንና በደሌን በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2015 እ.ኤ.አ. ሐበሻ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ባለአክሲዮኖችን ይዞ ገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ነው ቢራ የጫነ መኪና ያልደረሰበት የገጠር ቀበሌ ለማግኘት አስቸጋሪ የሆነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ አጥር ላይ በቆመ ረጅም እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ይታያል። ጠላ ቤት ነው። ሌላ ታፔላ የለውም። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

"እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?"

"እግዜር ይመስገን፤ ና ተቀመጥ ልጄ። ጉሹን ነው የጠለለውን?"

የጠለለውን አልኩ። በቅል ከገንቦ ቀድተው፣ ጣሳውን አለቅልቀው፣ መጀመሪያ ከመዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀምሰው ሰጡኝ። ቀማሹ ጠማቂው ነው፤ ይህ ደንብ ዛሬም አልተሻረም። ጠላው ጠቆር ያለ፣ የወይራ ጭስ ጠረን ያለው፣ መጨረሻው ላይ ጌሾው ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ ነበር። ቤቱ ውስጥ ካፖርት የደረቡ ሁለት ሽማግሌዎችና አካፋቸውን በሩ ላይ ያቆሙ ሦስት የቀን ሠራተኞች ተቀምጠዋል። ከአርባ ዓመት በታች ያለን እኔና የቀን ሠራተኞቹ ብቻ ነን። እነሱም የመጡት ጠላ ርካሽ ስለሆነና ስለሚያጠግብ መሆኑን ሳይደብቁ ነገሩኝ።

ጓዳውን ማየት እንደምፈልግ ስናገር ሴትየዋ ሳቁ፤ ከለከሉኝ ማለት ግን አይደለም። ሁለት ጋኖች ቂጣቸው መሬት ውስጥ ተቀብሮ ቆመዋል። የአንደኛው አፍ በጭቃ ተመርጓል። ሦስተኛው ባዶ ጋን በሚጨስ ወይራ ላይ ተደፍቷል፤ ጭሱ በከንፈሩ ዙሪያ እየሾለከ ጓዳውን ሞልቶታል፤ እኔ ወዲያው ዓይኔን ያዝኩ። እሳቸው ግን ያወራሉ። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ ከዚያ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ከብቅል ጋር ይጠነሰሳል። ቂጣ ተጋግሮ ይቆራረስና ይጨመርበታል፣ የጌሾ እንጨት ይገባል፣ እንኩሮው ምጣድ ላይ ይታመሳል። ድፍድፉ ሲደርስ ውሃ ይሞላበትና ይመረጋል። ብቅሉን ማብቀሉ፣ ማስጣቱ፣ ማስፈጨቱ ከዚህ በፊት ያለቀ ሥራ ነው። ጥንስሱ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠየቅኳቸው።

"ቀን አትቁጠር። ሐምሌ ላይ ይተኛብሃል፣ ግንቦት ላይ ይቸኩላል። ጆሮህን ጋኑ ላይ ጣል፤ ሲንተከተክ ትሰማዋለህ።"

ሴት ልጃቸው ሁለት መንደር አልፋ ግሮሰሪ ከፍታለች፤ ድራፍትና ጠርሙስ ቢራ ትሸጣለች። ሙያውን ሊያስተምሯት አልፈለጉ እንደሆነ ጠየቅኩ። ከእኔ ሌላ ማንም እንዲህ ያለ የሞኝ ጥያቄ ያቀረበላቸው አይመስለኝም።

"ለምኔ? ጭሱን ላውርሳት?" አሉኝ።

እሳቸው ራሳቸው ጠላ ይወዱ እንደሆነ ስጠይቅ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ቀድመው ሳቁ። ለካ ታዋቂ ነገር ነው። ጨጓራ ስላለባቸው ከቀመሱ በኋላ አይጨምሩም፤ የሚወዱት ሚሪንዳ ነው፤ ልጃቸው ከግሮሰሪው በሳምንት ሁለት ጊዜ ትልክላቸዋለች። ሚሪንዳ ለጨጓራ ምን እንደሚበጅ አልጠየቅኩም።

ስለ ጠላ የሚጻፍ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ለቅሶ ነው፤ "ባህላችን ጠፋ" ይላል። አልቃሹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። እንኩሮ አምሶ የማያውቅ፣ ጋን አጥቦ የማያውቅ፣ ለማኅበር የሚጠጣውን ጠላ ማን እንደተሸከመው የማይጠይቅ። ቢራ ጠላን ያሸነፈው በጣዕሙ ነው ብዬ አላምንም፤ ያሸነፈው ሳጥኑ መጥቶ በር ላይ ሲወርድ አንዲት ሴት የሁለት ሳምንት ሥራ ስለሚቀርላት ነው። ድሮ ለአንድ ሰርግ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጋን ተበድሮ፣ እንጨት ተፈልጦ ይደገስ የነበረውን ዛሬ ባልየው ስልክ ደውሎ ያዘዋል። ገንዘብ ይወጣል፣ ጉልበት ይተርፋል። ጉልበቱ የማን እንደነበረ ካልረሳን ለለውጡ ብዙም አንፈርድበትም።

የጠፋ ነገር ግን የለም ማለት አይደለም። ጠላ አይቆጠርም። የጽዋ ማኅበር ላይ አስተናጋጁ ገንቦውን ይዞ ይዞራል፣ ጣሳው ጎደል ሲል ይሞላል፣ እንግዳው "በቃኝ" ይላል፣ ባለቤቱ "በሞቴ!" ይላል፤ ማን ስንት እንደጠጣ ማንም አያውቅም። ቢራ በጠርሙስ ይቆጠራል። ባዶዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተሰልፈው ይቆያሉ፤ ጋባዡም ተጋባዡም ይቆጥራቸዋል፣ አስተናጋጇም ስትመጣ ትቆጥራቸዋለች። በነገሥታቱ ግብር ላይ መጠጥ በማዕረግ ይወርድ ነበር፤ ጠጁ ለመኳንንቱ፣ ጠላው ለተራው። ቢራ ይህን የማዕረግ ደረጃ አፍርሶታል፤ ሚኒስትሩም ጫኝና አውራጁም አንድ ዓይነት ጠርሙስ ይይዛሉ። በማዕረግ ፋንታ ኪስ ገባ። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ከየትኛው ወገን መወለድዎ ነው፤ እኔ ጠጁ ከማይደርሳቸው ወገን ስለሆንኩ ቢራውን እመርጣለሁ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ታርማበር ያለው አምባ ዛፍ የሌለው፣ ንፋስ የማያባራበት ነው። እዚህ አረቄ ምክንያት አለው። ጣሊያኖች የቆፈሩት ዋሻ ላይ ስንደርስ ሾፌሮች ወርደው ይጠጡ የነበረበት ዘመን እንደነበረ ሁሉም ያወራል፤ ዛሬ የእኛ ሾፌር የወረደው ለሻይ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። መንገዱ ዳር የነበሩት ትልልቅ የቢራ ማስታወቂያዎችም አሁን የሉም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ላይ ክንዱን ካሳረፈና 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከከለከለ ወዲህ ተራራዎቹ ተመልሰው ይታያሉ። በእድሜው ገደብ ላይ ግን መታወቂያ ሲጠየቅ ያየሁበት ግሮሰሪ የለም።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ተገዛ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ጋቢ ተጣጥፎ ተቀመጠ። ከዚህ በታች አገሩ የጣፋጭ አገር ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ጁስ ቤቶቹ ማንጎውን፣ ፓፓያውን፣ አቮካዶውን በብርጭቆ በላይ በላዩ ደርድረው ስፕሪስ ይሉታል። ማንጎው የአካባቢው ነው፤ በልጅነቴ በእጃችን ልጠን፣ አገጫችን እየተንጠባጠበ እንበላው የነበረ። ዛሬ በማንኪያ ይጠጣል። ለስላሳውም የዚሁ ጣፋጭ ወገን ነው። ኮካ ኮላ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ወንጂ ስኳር ማምረት ከጀመረ ከአምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ሳስባቸው ብዙ ነገር ይገባኛል። ከወንጂ በፊት ስኳር ለአብዛኛው ገጠር ብርቅ ነበር፤ ቡና የሚጠጣው በጨው ነበር፤ ጣፋጭ ማለት ማር ነው፣ ማር ማለት ደግሞ ጠጅና ብርዝ ነው። በሁለት ትውልድ ውስጥ ምላሳችን ተለወጠ። አሁን ሻይ ሲቀርብልን ስኳሩ ቀድሞ ገብቶበት ይመጣል፤ "ያለ ስኳር" ብሎ ያዘዘን ሰው አስተናጋጇ "ስኳር አለብዎት እንዴ?" ብላ በአዘኔታ ትመለከተዋለች። ከጎኔ የተቀመጡት አባት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚሄዱ ነጋዴ፣ እውነትም ስኳር አለባቸው። ከሻጭ ልጅ ላይ ውሃ ገዙና ለስላሳ የያዘውን የልጅ ልጃቸውን አዩት። ምንም አላሉም፤ እኔም ምንም አላልኩ፤ ልጁ ጠርሙሱን ጨረሰ።

ወሎ ሲገባ የመጠጡ ነገር ይወሳሰባል። ኮምቦልቻ ላይ ቢጂአይ የቢራ ፋብሪካ አለው፤ በዙሪያው ደግሞ አልኮል በአፉ የማይዞር ሙስሊም ወገን በብዛት ይኖራል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳን ሁለቱም ሃይማኖት ያለበት አገር ስለሆነ ድግስ የሚደግስ ሰው ለሁለቱም ማሰብ አለበት። የወሎ ሴቶች ለዚህ መልስ ካገኙ ቆይተዋል፦ ቀሪቦ። ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ስኳርና ጥቂት እርሾ ተጨምሮበት ያድራል፤ ጠዋት አረፋ ያወጣ፣ ጠላ የሚመስል ግን የማያሰክር መጠጥ ይሆናል። ኢዱም ሰርጉም በእሱ ይታለፋል። ታዲያ ቆየት ብለው የቢራ ኩባንያዎቹም ይህንኑ ጥያቄ ጠየቁና መልሱን በጠርሙስ አወጡት፤ ሶፊ ማልት፣ ስንቅ ማልት። ያው ገብስ ነው፣ ያው ጣፋጭነት፣ ያው አረፋ። ኮምቦልቻ መውጫ ላይ ባለች ምግብ ቤት ማልት አዝዤ ቀመስኩት። ለእኔ ቀሪቦው ይበልጣል፤ የተቆላው ገብስ ምሬት ስኳሩን ይገዛዋል፣ ማልቱ ላይ ግን ስኳሩ ገዥ ነው። ምግብ ቤቷ ቀሪቦ አላት ወይ ስል አሳላፊው "እሱ እቤት ነው እንጂ" አለኝ። ለሽያጭ የሚሆን ነገር መሆኑን እዚያ ቤት ገና ማንም አላሰበበትም፤ ያሰበበት ሰው ግን ይከብርበታል።

ደሴ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። አክስቴ ቤት ቡና ተቆልቶ ጠበቀኝ። ጎረቤታቸው፣ ሐጂ የሚሏቸው አዛውንት ሚስት፣ ሻሻቸውን አስተካክለው መጡ፤ ከታች ያሉት የቄሱ ባለቤትም መጡ። አቦሉ ተቀዳ። እኔም ይህን ሳይ አሰብኩ፦ ምድጃው፣ ዕጣኑ፣ ቄጤማው፣ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ረከቦት ዙሪያ። ይህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስላል፤ ለውጭ አገር ሰውም እንዲያ ብለን እናወራዋለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና ለረጅም ጊዜ የተነወረ ነበር፤ የእስላም መጠጥ ነው ይባል ነበር፣ ካህናቱም ያወግዙት ነበር። ወዳጃ በሚባለው የወሎ ሙስሊሞች የጸሎት ስብሰባ ላይ ግን ቡና የዱአው አካል ነው። ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ምኒልክ ራሳቸው ጠጡት፤ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ በማስወገድ ብዙ ሠሩ። ከዚያ በኋላ ቡናው ደጋውን በአንድ ሰው ዕድሜ ወረሰው። የቄሱ ባለቤት ቅድመ አያት ምናልባት ቡና አይቀምሱም ነበር፤ እሳቸው ግን ዛሬ በረካውን ሳይጠጡ አይነሱም። "ባህላችን" የምንለው ነገር ሁሉ አንድ ቀን አዲስ ነበር፤ ቡናው ደግሞ ከብዙዎቹ ይልቅ አዲስ ነው።

ጣሊያኖቹ ማሽኑንና ማኪያቶውን አመጡ፤ ቶሞካ ቡና ቤት አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ በ1953 እ.ኤ.አ. በዚያ መንገድ መሸጥ ጀመረ፤ የክፍለ ሀገር ከተሞችም ተከተሉ። በወጣትነቴ ደሴ ላይ ዘመናዊ ነኝ የሚል ሁሉ ማኪያቶ ይጠጣ ነበር፣ ጀበና ደግሞ የእናቶች ነበር። አሁን ግን ተገልብጧል። የደሴን ፒያሳ በማግስቱ ዞርኩት፤ በየሕንፃው ሥር ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ በርጩማ ተደርድሯል፣ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ጀበና ጥዳለች፤ ደንበኞቿ ወንዶች፣ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች ናቸው። ዕጣኑም ፈንድሻውም አለ። የጠፉት ቶናውና በረካው ናቸው፤ አንድ ስኒ ተጠጥቶ፣ ተከፍሎ፣ ይኬዳል። ጠላ ከቤት ሲወጣ ማንነቱን ጥሎ ቢራ ሆነ፤ ቡና ግን ጀበናውን ይዞ ወጣ። የቤቱን ሥራ የምትሠራዋ ሴት እዚህ ቢያንስ ይከፈላታል። አክስቴ ይህን አይወዱትም፤ "ቡና ብቻውን የሚጠጣ ሰው ምን ያወራል?" ይላሉ። ልጃቸው ግን በየቀኑ እዚያ ነው የሚጠጣው፤ እቤት ሦስቱን ዙር የሚያስቀምጥ ጊዜ የለውም።

በዚህ መንገድ ለምትሄዱ አንድ ምክር አለኝ። ውሃችሁን ከቤት ያዙ፤ ባዶውን መልሳችሁ ውሰዱ። ቀሪቦ ካማራችሁ ምግብ ቤት አትጠይቁ፤ የምታውቁት ሰው ቤት ግቡ። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ቢራ ከመጠጣታችሁ በፊት እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ፈልጉ፤ ገብታችሁ ጠላውን ጠጡ፣ በዋጋው አትከራከሩ፣ ከቻላችሁም ጓዳውን እዩ። ስትወጡ ለሴትየዋ ሚሪንዳ ጋብዙልኝ።